ለመስተዋት ገንዳ የሚስማሙ ትናንሽ ዓሦችና አልጌ በሎች አመራረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ከዝዋይ፥ ከሐዋሳ፥ ከጫሞና ከጣና ተጭኖ መጥቶ በጉላሽ ወይም በጥብስ መልክ ከገበታችን የሚቀርበው ነው። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለሚበላው ዓሣ ሳይሆን ስለሚታየው ዓሣ ነው፤ ይኸውም በዕፅዋት ባጌጠ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለዓይን ደስታ ስለሚኖረው ትንሽ ዓሣ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን ገንዳ በሆቴል አዳራሽ ወይም በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል አይታችሁት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከወረቀትና ከፋይል ጋር ሲታገል የዋለ ሠራተኛ ማታ ከቤቱ ገብቶ፥ ዓሦቹ በቅጠሉ መካከል ሲመላለሱ ለሩብ ሰዓት ያህል ቢመለከት ልቡናው ያርፋል። ልጆቹም ሕይወት ያለውን ፍጥረት መመገብን፥ መጠበቅንና መታገሥን ይማሩበታል።

ይሁን እንጂ ይህ ነገር ሲያዩት ቀላል፥ ሲይዙት ከባድ ነው። ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ፥ በሳምንቱ የሞቱትን የሚለቅም፥ በወሩ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የሚጨነቅ፥ በሦስተኛው ወር ባዶውን መስተዋት ከጓሮ የሚያኖር ሰው ጥቂት አይደለም። ከዚህ የባሰም አለ፤ የሰለቸውን ዓሣና ቅጠል ወስዶ ከወንዝ የሚጥል ሰው ጉዳቱ ከራሱ ቤት አልፎ ለአገር ይተርፋል። ስለዚህ ዛሬ 4 ጥያቄዎችን እናነሣለን። የመጀመሪያው፥ ገንዳው በምን ሕግ ይኖራል? ሁለተኛው፥ ለአዲስ አበባ አየርና ውሃ የሚስማማው ትንሽ ዓሣ የትኛው ነው? ሦስተኛው፥ አልጌ የተባለውን አረንጓዴ ነገር የሚበላልን ማን ነው? አራተኛውና ዋነኛው ደግሞ፥ የማንፈልገውን ዓሣ ወዴት እናድርሰው? የሚሉት ናቸው።

ገንዳው ትንሽ ሐይቅ ስለ መሆኑ

የመስተዋት ገንዳ እንደ አበባ ማስቀመጫ ያለ ዕቃ አይደለም፤ ትንሽ ሐይቅ ነው። በትልቁ ሐይቅ የሚሠራው የተፈጥሮ ሕግ በትንሹም ይሠራል። ዓሣ ይበላል፥ ይተነፍሳል፥ ይጸዳዳል። ከኩሱና ከተረፈ ምግቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ውሃው የምንጭ ውሃ መስሎ ሳለ ዓሣውን ይገድለዋል። ነገር ግን በአሸዋና በድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ረቂቃን ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ናይትራይት ወደሚባል፥ ቀጥሎም ናይትሬት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትራይቱም መርዝነት አለው። ናይትሬቱ ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ከመሆኑም በላይ ለዕፅዋቱ እንደ ፍግ ሆኖ ያገለግላል። እንግዲህ በገንዳው ውስጥ የሚተከለው ቅጠል ለጌጥ ብቻ የቆመ ሳይሆን የገንዳው ጽዳት ጠባቂ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን አይመጡም። በቂ ሆነው እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው በመጀመሪያ ገንዳውን በአሸዋ፥ በውሃና በዕፅዋት ያደራጃል፤ ዓሣ ሳያስገባ ማጣሪያውን ያስነሣል፤ ባክቴሪያው የሚመገበው እንዲያገኝ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጥልበታል፤ ከዚያ በኋላ ይታገሣል። ዓሣውንም ጊዜው ሲደርስ ሦስት አራት እያደረገ፥ በየ2 ሳምንቱ ያስገባል እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጨምርም። በዚህ ሥራ ከጠፋው ገንዘብና ሕይወት አብዛኛው የጠፋው በችኮላ ነው።

ስለ አዲስ አበባ አየርና ውሃ

በውጭ አገር የታተሙ የዓሣ አያያዝ መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉት በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክሲጅን፥ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ፥ በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ከመቶው 75 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ 20 ዓሣ ይበቃዋል ያለውን ገንዳ እኛ 20 ብናስገባበት እናፍናቸዋለን። ለኛ ማለፊያ የሚሆነው ልክ፥ ለ2 ሊትር ውሃ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የዓሣ ርዝመት ማድረግ ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 80፥ ወርዱ 35፥ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይይዛል። አሸዋውና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ 90 ሊትር ያህል ውሃ ይቀራል። ይህም 4 ሳንቲ ሜትር የሚያህሉ 11 ዓሦችን ያኖራል። 11 ዓሣ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን 11 ጤነኛ ዓሣ ከ30 በሽተኛ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የከተማችን ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እሳት በማይነድበት ቤትም ውሃው አብሮ ይቀዘቅዛል። ከሞቃት አገር የመጣ ዓሣ ግን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ መግዛት፥ ወይም ብርድ የሚችል ዓሣ መምረጥ ግድ ነው።

ሦስተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያውም ማሞቂያውም ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ከጎኑ መጠቅለል፥ በየጥቂት ደቂቃው በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ በማፍሰስ አየር ማስገባት፥ መብራቱም እስኪመለስ ድረስ ምንም አለመመገብ ይገባል። ዕፅዋት በብርሃን ጊዜ ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ በጨለማ ግን እነሱም እንደ ዓሣው ኦክሲጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ በሌሊት የሚጠፋ መብራት ከቀኑ ይልቅ ያሠጋል።

አራተኛው የቧንቧው ውሃ ነው። ለኛ ጤንነት ሲባል የሚጨመረው ክሎሪን ለዓሣ መርዝ ነው። ውሃውን በሰፊ ባልዲ ወይም ሳፋ ቀድቶ፥ ክዳን ሳያደርጉ፥ 24 ሰዓት ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣዋል። ለሚቸኩል ሰው ፎቶግራፍ አንሺዎች በፊልም ማጠቢያነት ያውቁት የነበረው ሃይፖ የተባለው ጨው ክሎሪንን ወዲያው ያከሽፋል፤ ከዓሣ ዕቃ ሻጮች ዘንድ በጠርሙስ የሚገኘው መድኃኒትም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ነው። በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ሩቡን እየቀዱ በዚህ መልክ በተዘጋጀ ውሃ መተካት በቂ ነው። ገንዳውን በሳሙና ወይም በእንዶድ ማጠብ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ወደ መርካቶ ሲወርዱ

መርካቶ የማይገኝ ዕቃ የለም ይባላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ብዙው ነገርም ከዚያው ይሰበሰባል። መስተዋቱን ለክቶ የሚቆርጥ፥ በሲሊኮን የሚያጣብቅ ባለሙያ አይታጣም። ለማስቀመጫው የሚሆነውን የብረት እግር ደግሞ ከምን አለሽ ተራ አሮጌ ብረት ገዝቶ ማስበየድ ይቻላል። ምን አለሽ ተራ ሌላው የጣለውን ዕቃ አድሶ ለአገልግሎት በማብቃት የታወቀ ስፍራ ነውና፥ በዚያ የተሠራ እግር ከውጭ ከሚመጣው በጥንካሬ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ክብደቱን አስቀድሞ ማስላት ያሻል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ከላይ የጠቀስነው ገንዳ ከነአሸዋው፥ ከነድንጋዩና ከነመስተዋቱ ከ130 ኪሎ አያንስም። በቀላል ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ሰው ሌሊት ውሃው ከነዓሣው ወለሉን ሲያጥለቀልቀው ይነቃል።

የሚገዛበትም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ገንዳው፥ ማጣሪያውና መብራቱ፤ ቀጥሎ ዕፅዋቱ፤ በመጨረሻ ዓሣው ነው። ለጀማሪ የሚሆኑ ዕፅዋት ብዙ ብርሃን የማይፈልጉት ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው አኑቢያስ፥ ጃቫ ፈርንና ጃቫ ሞስ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ታስረው ያድጋሉ። ቫሊስኔሪያ የሚባለው ሣር መሳይ ቅጠል ደግሞ በአሸዋ ውስጥ ሥር ሰድዶ በፍጥነት ይበዛል። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ቢበራ ይበቃል።

ዓሣ በምትገዙበት ጊዜ ከዋጋው ክርክር በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ። «ይህ ዓሣ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» በሉ። ሻጩ የማያውቀው ከሆነ ዓሣውን ተዉት። ከዚያም ዓሣውን በጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ክንፉ የተጣበቀ፥ በሰውነቱ ላይ እንደ ጨው ፍንጣቂ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፥ ሆዱ የጎደጎደ ወይም ከውሃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ አየር የሚስብ ከሆነ በሽተኛ ነው። አንድ በሽተኛ ካለበት ገንዳ ጤነኛውንም መግዛት አያዋጣም። ገዝታችሁ ከቤት ስትገቡ ላስቲኩን ሳትፈቱ ለ20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ውሃ ላይ አንሳፉት፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት እኩል ከሆነ በኋላ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡት። የሻጩን ውሃ ግን ከገንዳችሁ አትጨምሩ።

የትኛው ትንሽ ዓሣ ይመረጥ?

ትናንሽ ዓሦች አብዛኞቹ በመንጋ የሚኖሩ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቢገዙ በፍርሃት ይሸሸጋሉ፤ ቀለማቸው ይደበዝዛል። ከ6 ባላነሰ ቍጥር ሲሆኑ ግን ልብ አግኝተው አብረው ይዋኛሉ። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንዳንድ እየለቀሙ ገንዳውን እንደ ሱቅ መደርደሪያ ከማድረግ፥ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት መርጦ መንጋ ማድረግ ይሻላል።

ለአዲስ አበባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ነጭ ደመና የሚባለው ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ተመችቶት ስለሚኖር፥ በብዙ ቤቶች ያለ ማሞቂያ ይዘልቃል። የተገኘው በደቡብ ቻይና በካንቶን ከተማ አጠገብ ባለው የነጭ ደመና ተራራ ምንጮች ውስጥ ሲሆን፥ ያገኘውም ታን የተባለ የስካውት መሪ ነው። በሳይንስ ስሙም በዚሁ ሰው መታሰቢያነት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1932 ታኒክቲስ፥ ማለት የታን ዓሣ፥ ተብሎ ተሰየመ። የሚያሳዝነው ግን ከጊዜ በኋላ በዚያው በተገኘበት ተራራ ጠፋ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በመስተዋት ውስጥ እየተራባ ይኖራል፤ ቤቱ ግን ባዶውን ቀርቷል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ከሕንድ አገርና ከአካባቢው ወንዞች የመጣው፥ በጎኑ እንደ ሜዳ አህያ ሰማያዊ መስመር ያለው ዜብራ ዳኒዮ ነው። ይህም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይችላል። በብርታቱ የተነሣ የሳይንስ ሊቃውንት በየላቦራቶሪያቸው ለምርምር ያራቡታል። ሆኖም ፈጣን ዋናተኛና ዘላይ ስለ ሆነ ገንዳው ረዘም ያለና ክዳን ያለው መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው ኒዮን ቴትራ ነው። በውበቱ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚመኘው ይህን ነው። በጎኑ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር፥ በስተኋላው ቀይ ቀለም አለው። የመጣው ከአማዞን ወንዝ አገር ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1936 ዊልያም ኢንስ በተባለው አሜሪካዊ የዓሣ መጽሔት አዘጋጅ ስም ተሰየመ። ማሞቂያ ይፈልጋል፤ አዲስ የተሞላ ገንዳም አይስማማውም። ስለዚህ ገንዳው ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ቢገባ ይሻላል።

አራተኛው ጋፒ ነው። ስሙን ያገኘው በትሪኒዳድ ደሴት ይኖር ከነበረው ከሮበርት ሌችሚር ጋፒ ነው። ወንዱ ጅራቱ እንደ ጥለት ያሸበረቀ ነው። ይህ ዓሣ እንቁላል በመጣል ፈንታ ሕያዋን ልጆች ይወልዳል፤ አንዲት ሴት በየወሩ ገደማ ብዙ ልጆች ልትጥል ትችላለች። ይህም በመጀመሪያ ያስደስታል፥ በኋላ ያስጨንቃል። ጋፒ የሚወድ ሰው ወንዶቹን ብቻ ቢገዛ ከብዙ ችግር ይድናል።

ወርቅማ ዓሣ የሚባለው ጎልድፊሽስ? ቢሉ፥ መልካም ዓሣ ነው፤ ነገር ግን ለዕፅዋት ገንዳ አይሆንም። ቅጠሉን ይበላል፥ አሸዋውን ይቆፍራል፥ ብዙ ይጸዳዳል፥ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይም ሊያድግ ይችላል። በክብ ብርጭቆ ውስጥ ብቻውን ማኖርም ቀስ በቀስ ከማፈን የሚቆጠር ነው።

ስለ አልጌና ስለ በሎቹ

አልጌ፥ በመዝገበ ቃላት ዋቅላሚ የሚባለው፥ በመስተዋቱ፥ በድንጋዩና በቅጠሉ ላይ የሚያድገው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልስልስ ነገር ነው። ብርሃንና ምግብ ካገኘ በየትም ይበቅላል። እንግዲህ በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባን፥ አልጌ ሲበዛ ጥፋቱ የባለቤቱ እንጂ የገንዳው አለመሆኑን ነው። ወይ ገንዳው የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ ወይ መብራቱ ከልክ በላይ ይበራል፤ ወይም ደግሞ ዓሦቹ ከሚጨርሱት በላይ ይመገባሉ። የዓሣ ምግብ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ መሆን ይገባዋል። እንጀራና ዳቦ መፈርፈር ደግሞ ውሃውን ያበላሻል። እነዚህን ሳያርሙ አልጌ በላ መግዛት፥ ጣራው የሚያፈስ ሰው ጣራውን ትቶ ወለሉን የሚወለውል ሠራተኛ እንደሚቀጥረው ያለ ነው።

ይህ ከታረመ በኋላ ግን ረዳት ማግኘት መልካም ነው። ከዓሦች ወገን ኦቶሲንክለስ የሚባለው ከሁሉ ይመረጣል። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአፉ ከቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ልስላሴውን እየጠረገ ይበላል፥ ቅጠሉን ግን አይጎዳም። ነገር ግን አብዛኛው ከወንዝ ተይዞ ረጅም መንገድ ተርቦ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ሆዱ ሞላ ያለውን መርጦ፥ ቢያንስ 4 ወይም 5 አድርጎ፥ አልጌ ባለበት በቆየ ገንዳ ውስጥ ማስገባት ይገባል። አልጌው ሲያልቅ በፈላ ውሃ የለሰለሰ ዝኩኒ ወይም ቆስጣ ቢሰጡት ይበላል።

ከዓሣ ውጭ ሽሪምፕ አለ። አማኖ የሚባለው ሽሪምፕ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ስሙን ያገኘው በዕፅዋት ገንዳ ጥበብ በዓለም ከታወቀው ከጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ከታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) ነው። እንደ ፀጉር የሚያድገውን አልጌ አጥብቆ ይበላል። ልጆቹ ጨው ባለበት ውሃ ካልሆነ ስለማያድጉ ገንዳውን አያጥለቀልቅም። ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣም እንዲሁ ነው፤ መስተዋት ይጠርጋል፥ እንቁላሉ ግን በጨው አልባ ውሃ አይፈለፈልም።

ቀንድ አውጣን ካነሣን አንድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣና ቅጠል መልቀም አይገባም። በአገራችን የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎች በብዙ ውሆች ይገኛሉና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው በማየታቸው፥ እንዶድ እነዚህን አዛማቾች ለማጥፋት የሚችል መሆኑን ለዓለም ያስታወቁት በዚሁ በሽታ ላይ ሲመራመሩ ነው። ይኸው እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ነው ቀደም ሲል ከገንዳው አታስጠጉት ያልነው።

አሁን ደግሞ መገዛት የማይገባውን እንናገር። ፕሌኮ የሚባለው ዓሣ ሲሸጥ ጣት የሚያህል ነው። ሻጩም «መስተዋት ጠራጊ ነው» ብሎ ያመሰግነዋል። እውነት ነው፥ በልጅነቱ ይጠርጋል። ነገር ግን ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ይህም ከላይ ከጠቀስነው ገንዳ ወርድ የሚበልጥ ነው። ከዚህም በላይ ከሚጠርገው ይልቅ የሚያቆሽሸው ይበዛል፤ ዕፅዋቱንም ይነቅላል። የቻይና አልጌ በላ የሚባለውም ሲያድግ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ አልጌውን ይተውና የሌሎችን ዓሦች ጎን እየላሰ ያቆስላል። ከፕሌኮ ወገን የሆነ ዓሣ ለማኖር የሚፈልግና ገንዳው ሰፊ የሆነ ሰው፥ ከ15 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውን አንሲስትረስን ይምረጥ።

የገዛ አገራችን አልጌ በሎች

ይህን ሁሉ ስንናገር ከሩቅ አገር የመጡትን ብቻ ጠቀስን። ነገር ግን አልጌ የሚበሉ ዓሦች በገዛ ወንዞቻችን ሞልተዋል። ጋራ የሚባሉት የዓሣ ወገኖች ከአገጫቸው ሥር እንደ ሰሐን ያለ መጣበቂያ አላቸው፤ በዚህም ኃይለኛ ጅረት ባለበት ከድንጋይ ላይ ተጣብቀው አልጌውን ይፍቃሉ። ከእነዚህ አንዱ፥ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 የገለጸው፥ በደምቢያ ስም የተሰየመው ጋራ ደምቤንሲስ ነው። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት የጣናን በሶ ዓሣ ገልጿል፤ የሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ አገሬው በሚጠራው ስም «በሶ» ነው። በሶም ከድንጋይ ላይ አልጌ የሚፍቅ ዓሣ ነው። ከዚያም ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2007 ሜላኒ ስቲያስኒና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን በአንድ ጽሑፍ 5 አዳዲስ የጋራ ዓይነቶችን ከኢትዮጵያ ለሳይንስ አስታወቁ። ከእነዚህ መካከል አንዱ በደምበጫ፥ አንዱ በገባ ወንዝ፥ አንዱ በጣና ስም ተጠርተዋል።

ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ የሚወርድ ውሃ ስለሚወዱ፥ ጸጥ ባለ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ለማኖር አይመቹም፤ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ ከወንዝ ይልቀማቸው አንልም። በሰበታ የሚገኘውን የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማእከል የመሳሰሉ ተቋሞች አጥንተው የሚራቡበትን መንገድ ቢያገኙ ግን፥ ከውጭ የሚመጣውን በገዛ አገር ፍጥረት ለመተካት ይቻል ነበር። እስከዚያው ድረስ በኛ ላይ ያለው ግዴታ እነሱን በቤታቸው መጠበቅ ነው።

የማይፈለገው ዓሣ ወዴት ይሂድ?

ወደ አራተኛው ጥያቄ ደረስን። ሰው ዓሣው ሲያድግበት፥ ሲበዛበት ወይም ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ለመግደል አንጀቱ አይችልም። ስለዚህ «ነፍሱን ላድን» ብሎ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ይለቀዋል። ይህ ምሕረት ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ጭካኔ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደ ተባለው ሁሉ፥ ዓሣ ለቃቂም ዘንዶ ሊያስገባ ይችላል።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። እምቦጭ የተባለው አረም በደቡብ አሜሪካ ተወልዶ፥ በሐምራዊ አበባው ማማር ምክንያት ሰው ለጌጥ እያለ በዓለም ሁሉ ያዳረሰው የውሃ ተክል ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ላይ መታየቱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የጣና ዳር ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በእጃቸው ሲነቅሉት፥ መንግሥትም ሕዝብም ገንዘብና ጉልበት ሲያፈስሱበት ሁላችን አይተናል። ይህ ሁሉ የመጣው ሰው ለጌጥ ብሎ ከቦታው ካነሣው ተክል ነው።

ከዓሣ ወገን ደግሞ ያ መስተዋት ጠራጊ ፕሌኮ በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ በተባለው የግድብ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ተባዛ። በዚያ ሐይቅ በቆሮሶ ዓሣ ይተዳደሩ የነበሩት አጥማጆች መረባቸውን ሲጎትቱ፥ ገዢ በሌለው እሾኻም ፕሌኮ ተሞልቶና ተቀዳዶ ያገኙት ጀመር። በጎረቤታችን በቪክቶሪያ ሐይቅም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የገባው ናይል ፐርች፥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ እጅግ ብዙ ትናንሽ የዓሣ ዓይነቶች እንዲጠፉ ምክንያት ሆኗል።

በጣና ውስጥ ብቻ 15 ዓይነት ትላልቅ የባርበስ ዓሦች ተቆጥረዋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከዚያ ሐይቅና ከመጋቢዎቹ ወንዞች በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም። የነጭ ደመናን ዓሣ አስታውሱ። ቤቱ ሲጠፋ በመስተዋት ውስጥ የሚያቆየው ወዳጅ አግኝቶ ነበር። የጣና ዓሦች ግን ቢጠፉ ማን ያቆያቸዋል?

«እኔ ያለሁት መርካቶ ነው፤ ጣና የት፥ እኔ የት?» የሚል ሰው ቢኖር፥ የውሃውን መንገድ ይከተል። ከአዲስ ከተማ ቦይ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ትንሿ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል አልፎ ወደ አዋሽ፥ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል። በቦይ ውስጥ የተጣለ አንድ እፍኝ ቅጠል በአንድ ክረምት ከዚያ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ የማይፈለግ ዓሣ ቢኖራችሁ ለሻጩ መልሱ፤ በዋጋ ባይቀበላችሁ በነፃ ስጡት። ወይም ገንዳ ላለው ወዳጅ፥ ወይም ለትምህርት ቤት አበርክቱ። የሚከረከመውን ቅጠል በፀሐይ አድርቃችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉ። የገንዳውን ውሃ ከቦይ አታፍስሱ፤ ለጓሮ አትክልት አጠጡ፥ ለጎመናችሁ መልካም ፍግ ነው። ስለ አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቍጥር 315/1995 መኖሩንም ማወቅ ለመንግሥት ሠራተኛ ተገቢ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ባልዲ የሚጠብቅ ዘበኛ በየቦዩ ሊቆም አይችልምና፥ ዋናው ጠባቂ የየራሳችን ሕሊና ነው።

እንግዲህ ቃላችንን እንሰብስብ። ገንዳውን አደራጅታችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታገሡ። ለከተማችን ከፍታና ብርድ የሚስማማውን ትንሽ ዓሣ በመንጋ፥ ነገር ግን በልክ ምረጡ። አልጌን በመብራትና በምግብ ልክ ግቱ፥ ከዚያ በኋላ ኦቶሲንክለስን ወይም ሽሪምፕን ለረዳትነት ጥሩ። ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን ያልታወቀ ዓሣ አትግዙ፤ የገዛችሁትንም ከወንዝ አትልቀቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው በቤቱ ጥግ ትንሽ ሐይቅ ይኖረዋል፤ ትልልቆቹንም ሐይቆች ለልጆቹ ያቆይላቸዋል።